የሥራ ሂደት ማስታወሻ፦ ከሱሉልታ መንገድ በተለቀሙ ቁርጥራጭ ድንጋዮች ውስጥ የጥንቱን ባሕር ማንበብ

የተያዘው ሥራ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በሱሉልታ መንገድ ካለ አንድ የድንጋይ መቁረጫ ግቢ ከተጣለው ቁርጥራጭ 14 ፍሬ ተመርጧል። ከእነዚህ መካከል የኖራ ድንጋይ የሆኑትን መለየት፣ ከዚያም ቆርጦና ሞርዶ፣ አሲድ አስነክቶ፣ በውስጣቸው ያለውን ቅሪተ አካል ማንበብ።

ከመጀመር በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀመጡት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። እንጦጦ፣ የረር፣ ፉሪ፣ ወጨጫ ሁሉም ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ በከተማዋ ዳርቻ መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው ነጣ ያለ ድንጋይ ኖራ ቢመስልም ተጠቅጥቆ የጠነከረ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ የባሕር ዛጎል አይገኝበትም። ቅሪተ አካል ያለበት የኖራ ድንጋይ እዚህ ከታየ በጭነት መኪና የመጣ ነው። ቅርቡ ምንጭ ወንዞች ባዛልቱን ቆርጠው ከሥሩ ያለውን የባሕር ደለል ያጋለጡባቸው ሸለቆዎች ናቸው፦ ሙገር፣ ጀማ፣ ዓባይ። ከጎሀ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ቅደም ተከተሉ በመንገዱ ዳር ይታያል፤ ከላይ ባዛልት፣ ቀጥሎ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ከታች ደግሞ ሌላ አሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ «አንታሎ» ይባላል። ስሙን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የተጓዘው ጂኦሎጂስት ዊልያም ብላንፎርድ ሲሆን፣ የወሰደውም ከትግራዩ ሕንጣሎ ነው። ዕድሜው የጁራሲክ ዘመን ነው፤ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ። ከላዩ ያለው ባዛልት ግን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

ጥቅምት 6። ማጠብና አሲድ ማስነካት

ቁርጥራጮቹ ከ1 እስከ 14 በማርከር ተቆጠሩ። (ይህ ስሕተት ነበር፤ ምክንያቱ ጥቅምት 14 ላይ አለ።)

አሲዱ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ ነው። 37 በመቶ ከሆነው 1 እጅ፣ ውኃ 3 እጅ። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል፤ ውኃ ወደ አሲድ ከተጨመረ በቅጽበት ሞቆ ይረጫል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ባልዲም አጠገብ ይቀመጥ። አሲድ ያላገኘ ሰው በነጭ አቼቶ መሥራት ይችላል፤ አረፋው ደካማ ስለሆነ ግን ድንጋዩን በሚስማር ፍቆ ዱቄቱ ላይ ጠብ ማድረግና በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልገዋል።

የመኪና ባትሪ አሲድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በየጋራዡ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይሞክረዋል። ሰልፈሪክ አሲድ ኖራው ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ አረፋ ያወጣል፤ ወዲያው ግን በገጹ ላይ የጂፕሰም ቅርፊት ሠርቶ ራሱን ያፍናል። አረፋው ሲቆም ሰው «ደካማ ኖራ ነው» ብሎ ይደመድማል፤ ድንጋዩ ግን ንጹሕ ኖራ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያው ዙር ከ14ቱ 12 አረፋ አወጡ። ይህ ከመጠን በላይ ነው። ምክንያቱ የግቢው አቧራ ሆኖ ተገኘ፦ አጠገቡ ብሎኬት ይመረታል፤ የሲሚንቶ ብናኝ ድንጋዩ ላይ ተጋግሮ ነበር፣ የደረቀ ሲሚንቶ ደግሞ ለአሲድ እንደ ኖራ ይፈላል። ሁሉም በብረት ብሩሽ ታጥበው፣ ጥጋቸው በመዶሻ ተሰብሮ፣ አዲሱ ስባሪ ገጽ ላይ ሲሞከሩ 9 ቀሩ። ቁጥር 1፣ 8 እና 10 ወደቁ። ስለዚህ ደንቡ፦ አሲድ በአዲስ ስባሪ ላይ እንጂ በቆየ ገጽ ላይ አይሞከርም።

ከ9ኙ መካከል ቁጥር 6 በጠጣሩ ምንም አላሳየም፤ ሲፋቅ ግን ዱቄቱ ቀስ እያለ ፈላ። ይህ ማግኒዚየም የገባበት፣ ዶሎማይት የሆነ ኖራ ምልክት ነው። ቁጥር 13 በደንብ ፈላ፤ ስባሪው ግን እንደ ስኳር ያብለጨልጫል፣ ቅንጣቶቹም እርስ በርሳቸው ተቆላልፈዋል። እሱ እውነተኛ እምነ በረድ ነው፦ በሙቀትና በግፊት ዳግም የተሠራ ኖራ። ቅሪተ አካል ቢኖረው ኖሮ ጠፍቷል። ገበያ ላይ የሚወለወል ነጭ ድንጋይ ሁሉ እምነ በረድ እየተባለ ስለሚሸጥ ይህ ልዩነት ብዙ ሰው ያሳስታል።

ጥቅምት 8። ክብደትና ጥንካሬ

የጥንካሬ ፍተሻ ቶሎ ያልቃል። የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን የሆነው ካልሳይት በሞስ መለኪያ (የማዕድን ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት) 3 ነው፤ የብረት ሚስማር በቀላሉ ይጭረዋል፣ ጥፍር ግን አይጭረውም። ጥፍር ከጫረው ጂፕሰም ነው፤ ሚስማሩ ግራጫ የብረት መስመር ብቻ ትቶ ካለፈ ከብረቱ የጠነከረ፣ ለምሳሌ ባለ ኳርትዝ ድንጋይ ነው። ቁጥር 8 እንዲህ ሆኖ አሸዋ ድንጋይ መሆኑ ተረጋገጠ።

ጥግግት ደግሞ በኩሽና ሚዛን ይለካል። ድንጋዩ ደርቆ ይመዘናል። ቀጥሎ ውኃ ያለበት ባልዲ ሚዛኑ ላይ ተቀምጦ ንባቡ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ድንጋዩ በሲባጎ ታስሮ፣ ግድግዳና ወለል ሳይነካ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ያን ጊዜ ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የድንጋዩ መጠን በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። ቁጥር 3፦ 842 ግራም ለ322፣ ማለትም 2.61። ቁጥር 4፦ 610 ለ370፣ ማለትም 1.65። ንጹሕ ካልሳይት 2.71 ስለሆነ የመጀመሪያው ከኖራ ጋር ይገጥማል፤ ሁለተኛው ቀዳዳ የበዛበት የአመድ ድንጋይ ነው። ቁጥር 4 ሲነከር አረፋ እየተፋ ንባቡ አልረጋም ነበር። እንዲህ ዓይነቱን አስቀድሞ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ማሳደርና ገጹን በጨርቅ አድርቆ ማንጠልጠል መፍትሔው ነው።

የመጨረሻ ድልድል፦ የኖራ ድንጋይ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 7፣ 9፣ 11 እና 12። እምነ በረድ 13። የአመድ ድንጋይ 1፣ 4 እና 10። አሸዋ ድንጋይ 8። ባዛልት 14።

ጥቅምት 11። መቁረጥና መሞረድ

በስባሪ ገጽ ላይ ቅሪተ አካል መፈለግ ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ሲሰበር ዛጎሉንና ጭቃውን እኩል አቋርጦ ይሰበራል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ይመስላል። የተቆረጠና የተሞረደ ገጽ ውኃ ሲነካ ግን ሁሉ ነገር ይወጣል።

ግራይንደር ላይ ጠርዙ ያልተሸነሸነ 125 ሚሊ ሜትር የዳይመንድ ዲስክ ተገጠመ። የተሸነሸነው ጠርዝ ለኮንክሪት ጥሩ ነው፤ የቁርጡን ጫፍ ግን ይሸራርፋል። ውኃና ኤሌክትሪክ አብረው ስለሚሠሩ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ ብሬከር የሌለው መስመር ላይ መሥራት ክልክል ነው። ደረቅ መቁረጥም አይሆንም፤ በተለይ የአሸዋ ድንጋዩ ብናኝ ሳንባ ያጠፋል።

ቁጥር 12 ሲቆረጥ ለሁለት ተሰነጠቀ። ውስጡ እንደ ልብስ ስፌት የተጠማዘዘ ጥቁር መስመር ነበረው። ስታይሎላይት ይባላል፦ ድንጋዩ መሬት ውስጥ በክብደት ሲጫን ኖራው በዚያ መስመር ሟሙቶ ሄዶ፣ የማይሟሟው ሸክላ ብቻ የቀረበት ነው። ቅሪተ አካል አይደለም። መስመሩ ከታየ ዲስኩ በአግድም አቋርጦት እንዲያልፍ እንጂ አብሮት እንዳይሄድ ማድረግ ነው።

ለመሞረድ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት በውኃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል፤ 120፣ 220፣ 400 እና 800። ወረቀቱ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት ላይ ተዘርግቶ ድንጋዩ በላዩ በክብ ይነዳል። ከእያንዳንዱ ቁጥር በፊት ገጹ ላይ በእርሳስ ጥልፍልፍ መስመር ይሠመራል፤ መስመሩ ከየቦታው እኩል እስኪጠፋ ድረስ ያ ቁጥር አላለቀም። ትልቁ ሥራ 120 ላይ ነው፤ የዲስኩ ጭረት እዚያ ካልጠፋ ኋላ አይጠፋም። በየመሐሉ ድንጋዩም መስታወቱም እጅም በደንብ ይታጠባል። አንዲት የ120 ቅንጣት 800 ላይ ከገባች ሙሉ ገጹን ታበላሻለች፤ ቁጥር 7 በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተሠርቷል።

ጥቅምት 14። ልጣጩ

ልጣጭ የምንለው የድንጋዩን ገጽ በስስ ፕላስቲክ መቅዳት ነው። ቀጭን የድንጋይ ቁርጥ ለማዘጋጀት የላቦራቶሪ ማሽን ያስፈልጋል፤ ልጣጭ ግን በባዶ ጠረጴዛ ይሠራል፣ ዝርዝሩም የሚያስደንቅ ነው።

አሲዱ ወደ 2 በመቶ ይቀጥናል፤ 10 በመቶ ከሆነው 1 እጅ፣ ውኃ 4 እጅ። የተሞረደው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ ለ25 ሰከንድ ይነከርና በብዙ ውኃ ቀስ ተብሎ ይታጠባል። ከዚህ በኋላ ገጹን ጣት አይነካውም። አሲዱ ጭቃውን፣ ዛጎሉንና ጥርት ያለውን ካልሳይት በተለያየ ፍጥነት ስለሚበላ በፀጉር ውፍረት የማይሞላ ወጣ ገባ ይፈጠራል፤ የሚቀዳው እሱ ነው። ከደቂቃ በላይ ከቆየ አረፋው ጉድጓድ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ልጣጩም ፈንጣጣ የያዘው ይመስላል። በ5 በመቶ አቼቶ ከሆነ ወደ 8 ደቂቃ ፈጅቶብናል።

ፕላስቲኩ አሲቴት መሆን አለበት፤ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት። ከድሮ ማስተማሪያ ፕሮጀክተር የተረፈ፣ በእጅ የሚጻፍበት ዓይነት ጥርት ያለ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ይሠራል። የታጠበ የራጅ ፊልም አይሠራም፤ ፖሊስተር ስለሆነ አሴቶን አያሟሟውም። ጥጉ ላይ አንድ ጠብታ አሴቶን ማድረግ ነው። ከተለጠፈ ይሆናል፤ ምንም ካልሆነ ይጣላል። አሴቶኑም ንጹሕ ይሁን። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውኃና ዘይት ስላለበት ነጭ ደመና ይተዋል።

የደረቀው ድንጋይ በአሸዋ ሳሕን ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። አሴቶን ገጹን እስኪሸፍን ይፈስሳል፤ ፕላስቲኩ ከአንድ ጠርዝ ጀምሮ አየሩን እየገፋ ይተኛል። አይታሽም፣ አይጫንም። 30 ደቂቃ ቢያንስ ይቆያል፤ ቢያድር ይሻላል። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ አሴቶን ቶሎ ይበናል፤ ከሰዓት በኋላ በፀሐይ የተሠሩት ሁለቱ ልጣጮች በአረፋ ተበላሹ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በጥላ የተሠሩት ግን ጥርት ብለው ወጡ። አሴቶን እንደ ቤንዚን ይቀጣጠላል። ግራይንደር ይጠፋል፤ የቡና ከሰልም ከግቢው ይውጣ።

እዚህ ላይ ነው የማርከሩ ስሕተት የታየው። የፈሰሰው አሴቶን የቁጥር 3፣ 5 እና 9ን ጽሑፍ አጠበ። እንደ ዕድል ቅርጻቸው ፎቶ ተነሥቶ ስለነበር ተለዩ። ከዚህ በኋላ ቁጥር በሚስማር ተቧጥጦ ይጻፋል።

ጥቅምት 17 እና 18። ማንበብ

ልጣጩ በሁለት መስታወት መካከል ተጭኖ፣ የስልክ ስክሪን ነጭ ተደርጎ በላዩ ይቀመጥና 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይታያል።

ዋናው ችግር ዓይን የለመደው ሙሉ ዛጎል መሆኑ ነው፤ እዚህ የሚታየው ቁርጡ ነው። ሽንኩርት በአግድም ሲቆረጥ ቀለበት፣ ከላይ ወደ ታች ሲቆረጥ ቅስት እንደሚያሳይ ሁሉ፣ አንዱ እንስሳ በተቆረጠበት አቅጣጫ ብዙ መልክ አለው። የባሕር ቀንድ አውጣ በዘንጉ ከተቆረጠ ግራና ቀኝ ትይዩ የክፍል ረድፍ ያሳያል፤ በአግድም ከተቆረጠ ጥምዝ ይሆናል። ቁጥር 3 ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ መጀመሪያ እንደ ሁለት የተለያዩ እንስሳት ተመዝግበው ነበር።

ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ሁለት ክፋይ ያለው ዛጎልና ብራኪዮፖድ (እሱም ሁለት ክፋይ ያለው፣ ግን የሌላ ወገን የባሕር እንስሳ) የሚለዩት እንዲህ ነው። የመጀመሪያው እንደ ተገጠሙ መዳፎች ነው፤ ግራውና ቀኙ ይመሳሰላሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ብራኪዮፖድ ግን እያንዳንዱ ክፋይ በመሐሉ ቢታጠፍ እኩል ይገጥማል፤ የላዩና የታቹ ግን አይመሳሰሉም። በቁርጥ ላይ ደግሞ ልዩነቱ በግድግዳው ነው። የብራኪዮፖድ ዛጎል ከመጀመሪያውም ካልሳይት ስለሆነ እንደ ተደራረበ ወረቀት ያለ ስስ ንብርብር ይዞ ቆይቷል። አብዛኛው ቀንድ አውጣና ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል ግን ከካልሳይት ይልቅ በቀላሉ በሚሟሟ ማዕድን፣ በአራጎናይት የተሠራ ነበር፤ ሟሙቶ ሄዶ ቦታውን ጥርት ያሉ የካልሳይት ቅንጣቶች ሞልተውታል። ቅርጹ አለ፣ የውስጥ አሠራሩ ጠፍቷል። ኦይስተር ከዚህ ደንብ ይወጣል፤ እሱም ካልሳይት ስለሆነ ንብርብሩን አያጣም።

ቁጥር 7 ከሁሉም የሚያምር ነው። ስባሪው በፀሐይ ሲዞር እዚህም እዚያም ጠፍጣፋ ቅንጣቶች እንደ መስታወት አንዴ ብልጭ ይላሉ። የባሕር ጃርትና የክሪኖይድ (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ስባሪ መለያው ይህ ነው፤ እያንዳንዱ የአጽማቸው ክፍል ቅሪተ አካል ከሆነ በኋላ እንደ አንድ ነጠላ የካልሳይት ቅንጣት ይሰበራል። ልጣጩ ላይ የባሕር ጃርት እሾኽ አግድም ቁርጥ ተገኘ፦ ክብ፣ ከመሐል ወደ ዳር የተዘረጉ መስመሮች ያሉት፣ እንደ ጋሪ ጎማ። ቁጥር 11 ኮራል ነው፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ተጠጋግተው የሠሩት የኖራ ቤት፤ እያንዳንዱ ቤት ወደ መሐል የሚገቡ ስስ ግድግዳዎች አሉት።

ቁጥር 9 በጤፍ መጠን እንክብሎች ተሞልቷል። የዓሣ እንቁላል የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይደለም፤ ጥልቀት በሌለው፣ ወዲያና ወዲህ በሚንቀሳቀስ ሙቅ ውኃ ውስጥ በአንድ ፍንጣሪ ዙሪያ ኖራ በንብርብር ተጠምጥሞ የተሠሩ ናቸው። ቁርጡ ላይ ቀለበቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ይታያሉ። አንዳንዱ እንክብል መሐሉ ላይ የዛጎል ስባሪ ይዟል።

በቁጥር 2 ስንጥቅ ላይ የፈርን ቅጠል የመሰለ ጥቁር ቅርንጫፍ አለ። ግቢው ውስጥ ያየው ሁሉ ቅጠል ነው አለ። ዴንድራይት ነው፤ በስንጥቅ የገባ ውኃ የተወው የማንጋኒዝ ኦክሳይድ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ቅርንጫፉ ስንጥቁ ላይ ብቻ ተዘርግቶ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ የቅጠል ደም ሥርና ጠርዝም የለውም።

ጂኦሎጂስቱ ሮበርት ደንሃም እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው የኖራ ድንጋይ አከፋፈል ለዚህ ሥራ እስካሁን የተሻለው ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ቅንጣቶቹ ጭቃ ውስጥ ተንሳፍፈዋል ወይስ እርስ በርስ ተደግፈው ቆመዋል? የመጀመሪያው ረጋ ያለ ውኃ፣ ሁለተኛው ጭቃውን የሚያጥብ ሞገድ ያመለክታል። ቁጥር 3 ላይ 5 ሚሊ ሜትር ጥልፍልፍ የተሠመረበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ተዘርግቶ 200 ነጥብ ተቆጠረ፦ ዛጎል 92፣ ጭቃ 71፣ ጥርት ያለ ካልሳይት 37። ቅንጣት ተደጋግፎ ጭቃም ያለበት ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ በቁርጥ ላይ ያልተነካኩ የሚመስሉ ዛጎሎች ከቁርጡ በታች ሊነካኩ ይችላሉ። ስለዚህ እርስ በርስ ቀጥ ብለው በሚቋረጡ ሁለት አቅጣጫዎች ሳይቆረጥ አይወሰንም። ቁጥር 5 ግን አያጠራጥርም፤ ከመቶ 10 የማይሞላ ቅንጣት ያለበት የደረቀ የባሕር ጭቃ ነው። የቁጥር 6 ዛጎሎች ጥላቸው ብቻ ቀርቷል፤ ዶሎማይቱ በልቷቸዋል።

ወደ ሸለቆዎቹ ወርዶ ድንጋይ ለመልቀም ለሚያስብ ሰው፦ በጀማ ሸለቆ ከኖራው በላይ ካለው የጭቃ ድንጋይ የዳይኖሰር ጥርስ፣ የአዞና የኤሊ ቅሪት ተገኝቷል። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ያለው ቡናማ ነገር ከታየ አሲድ አይነካው፤ አጥንት በአሲድ ይጠፋል። ሳይነቀል ፎቶ ተነሥቶ፣ ቦታው ተመዝግቦ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይገባል። ከገደል ላይ የተነቀለ አጥንት ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ የሚነግር የለውም።

ጥቅምት 21። ዝቃጩ

በአሲድ የማይሟሟው ዝቃጭ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ከቁጥር 5 እና 9 ሃያ ሃያ ግራም ተፈጭቶ፣ በ200 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ አሲድ ተሟሟ። ክዳን አይደረግበትም፤ 20 ግራም ኖራ በእኛ ከፍታ ከ6 ሊትር በላይ ጋዝ ያወጣል፣ የተከደነ ጠርሙስ ይፈነዳል። የቀረው በቡና ማጣሪያ ወረቀት ተጣርቶ ደርቆ ሲመዘን፦ ቁጥር 5፣ 2.8 ግራም፣ ማለትም 14 በመቶ። ቁጥር 9፣ 0.3 ግራም። የመጀመሪያው ሸክላው ብዙ ነው፤ ለውጭ ደረጃ ቢነጠፍ በሁለት ሦስት ክረምት መላጥ ይጀምራል። የተረፈው አሲድ የኖራ ፍርፋሪ እየተጨመረበት መፍላቱ እስኪቆም ድረስ ይቆያል፤ ከዚያ ይደፋል።

ጥቅምት 23። ወደ ላይ የቱ ነው

ግቢ ውስጥ የተጣለ ቁርጥራጭ መሬት ውስጥ ሳለ የቱ ጎኑ ወደ ላይ እንደነበር ማንም አያውቅም። ቁጥር 3 ግን ራሱ ይናገራል። አንዳንድ ዛጎሎች ሲቀበሩ ውስጣቸው በግማሽ ብቻ ጭቃ ገብቶባቸዋል፤ ጭቃው እንደ ብርጭቆ ውስጥ አተላ ከታች ረግቶ ገጹ ተስተካክሏል፣ ከላዩ የቀረው ባዶ ቦታ በኋላ በነጭ ካልሳይት ተሞልቷል። በጭቃውና በካልሳይቱ መካከል ያለው ቀጥ ያለ መስመር ዛጎሉ በተቀበረበት ጊዜ አግድም የነበረውን አቅጣጫ ያሳያል።

በሁለቱ ቁርጥ ገጾች ላይ እንዲህ ያሉ 6 ዛጎሎች ተገኙ። አምስቱ መስመራቸው በ4 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ይስማማል። ስድስተኛው ወደ 50 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ ጭቃው ከጠጠረ በኋላ ዛጎሉ ተገልብጦ ዳግም የተቀበረ መሆን አለበት። አማካዩ ተወስዶ፣ በቁጥር 3 ጎን ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት በሚስማር ተቧጠጠ።